ዜግነትን ከፖለቲከኞች እጅ ያወጡት የዲትሮይት ጠበቃ

ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ከፈረሟቸው ትእዛዞች አንዱ በአሜሪካ ምድር መወለድ ብቻውን ለዜግነት አይበቃም የሚል ነበር። እናትየዋ በአገሪቱ ያለችው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ከሆነ፣ ወይም በተማሪነት፣ በሥራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ለጊዜው የገባች ከሆነች፣ አባትየውም ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ካልሆነ፣ ትእዛዙ ከተፈረመ ከ30 ቀን በኋላ የሚወለደው ልጅ ዜጋ ተብሎ አይመዘገብም። ሦስት ቀን ሳይሞላ በሲያትል የተሰየሙ የፌዴራል ዳኛ «ሕገ መንግሥቱን በግልጽ የሚጥስ» ብለው አገዱት። ሌሎች ዳኞችም ተከተሉ።

ከዚያ ወዲህ በፍርድ ቤት አቤቱታዎችም ሆነ በጋዜጣ ዓምዶች የአንድ ሰው ንግግር በተደጋጋሚ ይነሳል። ሰውየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሺገንን ወክለው በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የተቀመጡት ጠበቃ ጄከብ ሃዋርድ ናቸው። በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መክፈቻ ላይ የሚገኘውን የዜግነት ዐረፍተ ነገር ለምክር ቤቱ ያቀረቡት እሳቸው ናቸውና፣ የትእዛዙ ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም ምስክራችን ናቸው ይሏቸዋል። እኔ ግን ሃዋርድ ለሁለቱም ወገን እኩል ይመሰክራሉ ብዬ አላምንም። ንግግራቸው ከመሐል ተቆርጦ እየተጠቀሰ ነው፤ ከሕይወታቸውና ከዚያ ዘመን ክርክር ጋር አገናኝቶ ላነበበው ሰው ሐሳባቸው ያን ያህል የተሰወረ አይደለም።

ሃዋርድ የተወለዱት በ1805 በቨርሞንት ግዛት፣ ሻፍትስበሪ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። በማሳቹሴትስ ከሚገኘው ዊልያምስ ኮሌጅ በ1830 ተመረቁ፤ ሕግ አጠኑና በ1832 ወደ ዲትሮይት ተሻገሩ። ያኔ ሚሺገን ገና እንደ ግዛት የፌዴሬሽኑ አባል አልሆነችም ነበር። ዲትሮይት ደግሞ የወንዝ ዳር ከተማ ናት፤ ማዶው ካናዳ ነው። ከደቡብ የጠፉ ባሪያዎች ሌሊት በጀልባ የሚሻገሩባት የመጨረሻ በር ነበረች። በዚህች ከተማ ጥብቅና የቆመ ሰው «ይህ ሰው ነው ወይስ ንብረት?» የሚለውን ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው አልነበረም።

የሥራ መሰላላቸው ፈጣን ነው። በ1834 የከተማዋ ነገረ ፈጅ፣ በ1838 የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል፣ ከ1841 እስከ 1843 በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። በትርፍ ጊዜያቸው ስለ ናፖሊዮን ባለቤት ስለ እቴጌ ጆሴፊን የተጻፈ ማስታወሻ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሰዋል። ከ1855 እስከ 1861 የሚሺገን ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ነበሩ።

የፖለቲካ ሕይወታቸውን መልክ የሰጠው ግን 1854 ነው። በዚያ ዓመት ሜይ 30 ቀን የካንሳስና ነብራስካ ሕግ ጸደቀ፤ ባርነት ወደ አዲሶቹ የምዕራብ ግዛቶች እንዲስፋፋ መንገድ የከፈተ ሕግ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 6 ቀን፣ በሚሺገኗ ጃክሰን ከተማ ሰው ተሰበሰበ። አዳራሹ አልበቃ ብሎ ጉባኤው በዋርካ ያህል በሰፉ የኦክ ዛፎች ሥር ተካሄደ። ሪፐብሊካን የሚለውን ስም ይዞ ከተመሠረቱት ቀዳሚ የፓርቲው ጉባኤዎች አንዱ ይህ ነው፤ የአቋም መግለጫውን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት ሃዋርድ ነበሩ። ዛሬ ትእዛዙን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ፓርቲ ከመሠረቱት እጆች አንዱ የእሳቸው ነው ማለት ነው።

በጃንዋሪ 1862፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ ሴናተር ሆኑ። ባርነትን የሻረው 13ኛው ማሻሻያ ሲረቀቅ በፍትሕ ኮሚቴው ውስጥ ነበሩ። በኤፕሪል 1864 በተደረገው ክርክር የማሳቹሴትሱ ቻርልስ ሰምነር ከፈረንሳይ አብዮት ሰነዶች የተወሰደ «በሕግ ፊት እኩል» የሚል አገላለጽ ይግባ ሲሉ ሃዋርድ ተቃወሙ። የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት ይቅርብን፤ አባቶቻችን በ1787 ለሰሜን ምዕራቡ ግዛት ባወጡት ድንጋጌ የተጠቀሙበት፣ ፍርድ ቤቶች ጠንቅቀው የሚያውቁት ቃል ይበቃናል አሉ። ሚሺገን የተወለደችው ከዚያ ድንጋጌ ነው፤ ባርነት በዚያ ምድር የተከለከለውም በዚያው ነው። አያይዘው ግን የሰምነር ቃል ከገባ ሚስት በሕግ ፊት ከባሏ እኩል ልትሆን ነው ሲሉ ሥጋታቸውን ተናገሩ። ሃዋርድን ከዘመናቸው አውጥቶ ቅዱስ ማድረግ አይቻልም፤ የእኩልነት አሳባቸው በቤታቸው ደጃፍ ላይ ይቆም ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ንግግር ሌላም ነገር ያሳያል፤ ቃል ሲመርጡ ፍርድ ቤት ነገ እንዴት ይተረጉመዋል ብለው የሚጨነቁ ጠበቃ ነበሩ። ይህ ጠባያቸው ከሁለት ዓመት በኋላ የጻፉትን ለመረዳት ይጠቅመናል።

የዜግነቱ ዐረፍተ ነገር ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አሥር ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። በማርች 1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት መዝገብ ላይ፣ አያቶቻቸው በባርነት ተሽጠው የመጡ ጥቁሮች፣ ነጻ የወጡትም ጭምር፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ሲል ፈረደ። በ1862 የፕሬዚዳንት ሊንከን ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ቤትስ ደግሞ በአገሪቱ የተወለደ ነጻ ጥቁር ዜጋ ነው የሚል የሕግ አስተያየት ሰጡ። በማርች 1866 ምክር ቤቱ በኢሊኖይሱ ሴናተር ላይማን ትረምቡል አርቃቂነት የሲቪል መብቶች ሕግ አውጥቶ ተወላጆቹን ዜጋ አለ፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን አልፈርምም ብለው መለሱት። በኤፕሪል 9 ቀን ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽሮ ሕጉን አጸደቀ። እንግዲህ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ሚሊዮን ያህል ሰው ዜጋ ይሁን አይሁን የሚለው ጥያቄ በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠው ሰው ይገለባበጥ ነበር። ሕጉም ቢሆን ነገ ሌላ ምክር ቤት ሲመጣ ይሻራል።

ጆንሰን ሕጉን ሲመልሱ የሰጡት ምክንያት ለዛሬው ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው። ድንጋጌው ጥቁሮችን ብቻ ሳይሆን በፓሲፊክ ዳርቻ የሚኖሩትን ቻይናውያንና ጂፕሲ የሚባሉትን ሕዝቦች ጭምር ዜጋ ያደርጋል ብለው ነበር። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ የባሪያ ልጆችን ብቻ አስቦ የተጻፈ ነው፣ የስደተኛ ልጅ ለማንም ትዝ አላለውም የሚለው ወሬ እውነትነት የለውም። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በጽሑፍ አንስተውታል።

14ኛው ማሻሻያ ከተወካዮች ምክር ቤት ሲመጣ ስለ ዜግነት ምንም አይልም ነበር። በሜይ 23 ቀን ረቂቁን ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የማስረዳት ተራው ረቂቁን ያዘጋጀው ኮሚቴ መሪ የዊልያም ፒት ፌሰንደን ነበር፤ እሳቸው ታመው ስለነበር ሃዋርድ ተኩ። ያን ዕለት ያደረጉት ንግግር ረጅም ነው። የሕግ ጥበቃው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን «ማንም ይሁን ማን» ለማናቸውም ሰው እንደሆነ፣ አንዱን ወገን ለብቻው በተለየ ሕግ መግዛት እንደሚያበቃ፣ ነጭ በማይሰቀልበት ወንጀል ጥቁር እንደማይሰቀል ተናገሩ።

በዚያው ክርክር የኦሃዮው ቤንጃሚን ዌድ ተነስተው፣ ዜጋ የሚለውን ቃል ያለ ፍቺ ከተውነው ፍርድ ቤት እንደፈለገ ይጫወትበታል፤ «በአሜሪካ የተወለዱ ሰዎች» እንበል አሉ። ቢታመሙም በአዳራሹ የነበሩት ፌሰንደን ወዲያው ጠየቁ፤ ከውጭ ለጊዜው ከመጡ ወላጆች እዚህ የተወለደ ልጅስ? የ2025ቱ ትእዛዝ የቆመበት ጥያቄ ቃል በቃል ይህ ነው። ዌድ የመለሱት፣ እዚህ ተወልዶ ዜጋ የማይሆን እንዳለ የማውቀው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ እሱም የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞች ልጅ ነው፤ እነሱም ከጥቂት ሰዎች አይበልጡምና ለእነሱ ብሎ ሕጉን ማወሳሰብ አያስፈልግም ሲሉ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ሜይ 30 ቀን 1866፣ ሃዋርድ ዐረፍተ ነገሩን ይዘው መጡ፤ የካንሳስና ነብራስካ ሕግ በጸደቀ ልክ በ12 ዓመቱ። በዩናይትድ ስቴትስ የተወለዱና ለዳኝነት ሥልጣኗ ተገዢ የሆኑ ሰዎች ሁሉ የአገሪቱና የሚኖሩበት ግዛት ዜጎች ናቸው ይላል። ማብራሪያቸው አጭር ነበር። የማቀርበው አዲስ ነገር አይደለም፣ ዛሬም የአገሪቱ ሕግ ነው ብዬ የማምንበትን ማስታወቅ ነው አሉ። ቀጥለውም፣ ይህ «በዩናይትድ ስቴትስ የተወለዱ ሆነው የውጭ አገር ሰዎች፣ ባዕዳን፣ በዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ዘንድ የተሾሙ አምባሳደሮች ወይም የውጭ ሚኒስትሮች ቤተሰብ የሆኑትን አይጨምርም፤ ሌላውን ዓይነት ሰው ሁሉ ግን ይጨምራል» አሉ።

እንግዲህ ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። የትእዛዙ ደጋፊዎች ይህን ለሦስት ይከፍሉታል፤ የውጭ አገር ሰዎች አንድ፣ ባዕዳን ሁለት፣ የአምባሳደር ቤተሰቦች ሦስት። ከዚያም ሃዋርድ ራሳቸው የውጭ ሰው ልጅ አይጨመርም ብለዋል ይሉናል። አነባበቡ ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። የውጭ አገር ሰውና ባዕድ ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ተናጋሪው ሐሳቡን እያጠበበ ሄዶ በአምባሳደር ቤተሰብ ላይ ሲያሳርፈው ይታያል። ሁለተኛው የባሰ ነው። የውጭ ሰው ልጅ ሁሉ ከወጣ፣ «ሌላውን ዓይነት ሰው ሁሉ ይጨምራል» የሚለው ማሠሪያ ማንን ሊጨምር ቀረ? በዚያ ላይ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም የውጭ አገር ሰው ነው፤ ትእዛዙ ግን የእሱን ልጅ ዜጋ ይለዋል። በዚህ አነባበብ ትእዛዙ ራሱ ስህተት ይሆናል።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች የተረዱትም የውጭ ሰው ልጅ እንደሚጨመር ነው። የፔንስልቬኒያው ኤድጋር ካዋን ተቆጥተው ተነሱ፤ በካሊፎርኒያ የተወለደ የቻይናዊ ልጅ ዜጋ ሊሆን ነው? በፔንስልቬኒያ የተወለደ የጂፕሲ ልጅስ? ሕዝባችን በባዕድ ሊጥለቀለቅ ነው አሉ። ሃዋርድ እንዲህ ያለ ነገር አላልኩም ብለው አላስተባበሉም። የካሊፎርኒያው ጆን ኮነስ፣ ራሳቸው ከአየርላንድ የመጡ ስደተኛ፣ አዎን ብለው መለሱ፤ ከማንኛውም ወላጅ በካሊፎርኒያ የተወለዱ ልጆች ዜጋ ተብለው እንዲታወቁ ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ ከቻይናውያን የተወለዱት በሕገ መንግሥቱ እንዲጠበቁም ዝግጁ ነን አሉ። ስለ ጂፕሲዎቹማ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰማሁት ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት የሰማሁት ይበልጣል ሲሉ አክለዋል። ደጋፊውም ተቃዋሚውም በትርጉሙ ተስማምተው ነበር፤ የተለያዩት ይበጃል ወይስ አይበጅም በሚለው ነው።

እውነቱን ሁሉ መናገር ካለብኝ ግን የትእዛዙ ደጋፊዎች የሚይዙት ሌላ ክር አለ። በዚያው ዕለት ትረምቡል «ለዳኝነት ሥልጣኗ ተገዢ» ማለት ለሌላ ለማንም ታማኝነት የሌለው ማለት ነው ብለዋል። ሃዋርድም ሥልጣኑ ሙሉ መሆን አለበት፣ ዛሬ በእያንዳንዱ ዜጋ ላይ እንዳለው ያለ፤ ብለው ተስማሙ። ይህ ንግግር ግን ስለ ስደተኛ አልነበረም። የዊስኮንሲኑ ጄምስ ዱሊትል «ግብር የማይከፍሉ ሕንዶች አይጨመሩም» የሚል ሐረግ ይግባ ብለው ስለጠየቁ የተሰጠ መልስ ነው። ነባር ሕዝቦች ያኔ በየነገዳቸው የራሳቸው ሕግና ዳኛ ነበራቸው፤ የአሜሪካ መንግሥት ከእነሱ ጋር የሚገናኘው በውል ነበር። ከአየርላንድ ወይም ከቻይና የመጣ ሰው ቢሰርቅ በአሜሪካ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ቢነግድ ግብር ይከፍላል። የዛሬውም ስደተኛ እንደዚያው ነው፤ ቪዛው ስላለፈበት ፖሊስ አይዘው፣ ዳኛ አይፍረድበት የሚል የለም።

በነባሮቹ ላይ የደረሰው ግን ቁስል ሆኖ ቀርቷል። ነገዱን ትቶ በኦማሃ ከተማ የተቀመጠው ጆን ኤልክ በ1884 ድምፅ ልስጥ ብሎ ቢከስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዜጋ አይደለህም አለው። ሁሉም ነባር ተወላጆች በሕግ ዜጋ የተባሉት በ1924 ነው። በገዛ አገራቸው ከሁሉ በፊት የነበሩት የመጨረሻዎቹ ሆኑ፤ የሃዋርድ ዐረፍተ ነገር ያን ያህል ጠባብ ነበር።

ሃዋርድ ዐረፍተ ነገሩን በሕገ መንግሥት ውስጥ ለማስገባት የፈለጉበትን ምክንያት ለዚሁ ለዱሊትል በግልጽ ነግረዋቸዋል። የዜግነትን ጉዳይና ነጻ የወጡትን ሰዎች መብት፣ እንደ ዊስኮንሲኑ ሴናተር ያሉ ሰዎች በሕግ አውጪነት ሥልጣናቸው ከሥሩ ነቅለው እንዳይጥሉት፣ ነጻ የወጡትም ለቀድሞ ጌቶቻቸው ጭቆና ተመልሰው እንዳይጋለጡ፣ ከእጃቸው ማራቅ ፈልገናል አሉ። ለእኔ «የውጭ አገር ሰዎች፣ ባዕዳን» በሚለው አነባበብ ላይ ካለው ክርክር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቃል ነው። በምክር ቤት ድምፅ እንኳ እንዳይነካ ታስቦ የተቀመጠን ነገር በአንድ ሰው ፊርማ ማጥበብ ይቻላል የሚል ክርክር ሃዋርድን ምስክር ሊጠራ አይገባውም።

በዘመኑ «ሕገ ወጥ ስደተኛ» የሚባል ነገር ስላልነበረ ሃዋርድ ስለዚያ ምን እንደሚሉ አይታወቅም የሚሉም አሉ። የሰው ማስገባት ክልከላ ግን ነበር። ባሪያ ከውጭ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም በ1860 ክሎቲልዳ የተባለችው መርከብ ከምዕራብ አፍሪካ 110 ያህል ሰዎችን አሸሽጋ አላባማ አራግፋለች። እነዚያ ሰዎች ወደ አገሪቱ የገቡት ሕግ በተጣሰበት መንገድ ነው። እዚያ የወለዷቸው ልጆች ዜጎች አይደሉም ያለ ግን የለም፤ ማሻሻያው የወጣው እንደ እነሱ ላሉት ነውና።

ምክር ቤቱ ማሻሻያውን በጁን 1866 አሳለፈው፤ በሕግ መወሰኛው 33 ለ11፣ በተወካዮች 120 ለ32። በጁላይ 1868 ሕገ መንግሥት ሆነ። ሃዋርድ ቀሪ ዓመታቸውን በአመዛኙ በፓሲፊክ ባቡር ኮሚቴ ሊቀመንበርነት አሳለፉ። የሥራ ዘመናቸው በማርች 1871 አበቃ፤ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 2 ቀን፣ ዲትሮይት ውስጥ አረፉ። ዕድሜያቸው 65 ነበር።

ዐረፍተ ነገራቸው ዋናውን ፈተና ያለፈው ከሞቱ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ዎንግ ኪም አርክ በ1873 በሳንፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደ ምግብ አብሳይ ነበር። ቻይና ደርሶ በ1895 ሲመለስ ዜጋ አይደለህም ተብሎ ከመርከብ እንዳይወርድ ተከለከለ። ወላጆቹ በቻይናዊነታቸው ዜግነት ማግኘት የማይችሉ፣ ቻይናውያን ሠራተኞችም እንዳይገቡ በ1882 ሕግ የተከለከሉበት ዘመን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 28 ቀን 1898፣ 6 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ ዜጋ ነው ሲል ፈረደ። ዳኛ ሆራስ ግሬይ የማይጨመሩትን ዘረዘሩ፤ የመንግሥታት መልእክተኞች ልጆች፣ በውጭ መንግሥት መርከብ የተወለዱ፣ አገር ወርሮ ከያዘ ጠላት የተወለዱ፣ የነባር ነገዶች አባላት። ስለ ቪዛ የሚል የለም። የትእዛዙ ጠበቆች የዎንግ ወላጆች በቋሚነት የሚኖሩ ነበሩ ይላሉ፤ ፍርዱም ይህን ይጠቅሳል። የዳኛ ግሬይ ምክንያት ግን በመኖሪያ ላይ ሳይሆን በትውልድ ቦታና በሕጉ ሥልጣን ላይ የቆመ ነው።

ጉዳዩ እስከ 2025 መጨረሻ የሄደበትን ለማየት፣ በጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሥር ዳኞች ለአገር ሁሉ የሚሆን እግድ የመስጠት ሥልጣናቸውን አጠበበ፤ የዜግነቱን ፍሬ ነገር ግን አልነካም። በጁላይ በኒው ሃምፕሻየር የሚያስችሉ ዳኛ በትእዛዙ የሚነኩትን ሕፃናት በአንድ ክስ ሰብስበው እንደገና አገዱት። በዲሴምበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍሬ ነገሩን ለማየት ተስማማ።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲያትል ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ የታሪክ ወግ አይደለም። በተማሪነት የሄደ ባልና ሚስት፣ በሥራ ቪዛ ያለ ሐኪም ወይም መሐንዲስ፣ ሁሉም በትእዛዙ ቃል ውስጥ ይገኛሉ። እኛ የለመድነው ሕግ ሌላ መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። የኢትዮጵያ ዜግነት በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጅ የሚወረስ ነው፤ ከእናትና ከአባቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሕፃን አገር አልባ አይሆንም ይባል ይሆናል። ይሁንና በተወለደበት አገር የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው፣ ትምህርት ቤት ሲገባም ሥራ ሲፈልግም ወረቀት የሚጠየቅ ሰው ሆኖ ያድጋል።

ሸክሙ ደግሞ በስደተኞች ላይ ብቻ አይቀርም። እስከ ዛሬ አንዲት እናት ለልጇ ፓስፖርት ስታወጣ ለዜግነቱ ማስረጃ አድርጋ የምታቀርበው ከሆስፒታል ተመዝግቦ የወጣውን የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ ልጁ የት እንደተወለደ ያ ወረቀት ይናገራል። ትእዛዙ ሥራ ላይ ከዋለ ግን የትውልድ ቦታ አይበቃም፤ ልጁ በተወለደበት ዕለት የእናትየው የመኖሪያ ሁኔታ ምን ነበር፣ አባቱ ማን ነው፣ ወረቀቱስ የታል የሚል ምርመራ ይከተላል። ጥያቄው ለሰባት ትውልድ በኦሃዮ ለኖረ ቤተሰብም ይቀርባል፤ መልሱን ተቀብሎ ዜጋ ነው አይደለም የሚለውም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ይሆናል።